በኩሬው በኩል ያለው ጣሪያ

የሳኩማ መኪና የጌንዞ ግቢ ውስጥ ቆማ ስታይ፣ ማትሱ በጨው ልታሽ የያዘችው ዳይኮን የተባለ ረጅም ነጭ ሥር እጇ ላይ ቀረ። ሳኩማ ጣሪያ ሠሪ ነው። ጣሪያ ሠሪ ደግሞ በኅዳር ወር፣ በረዶው ተራራው ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ሰው ቤት የሚመጣው ወይ ጣሪያው አፍስሶ ነው፣ ወይ ባለቤቱ አንድ ነገር አስቦ ነው። የጌንዞ ጣሪያ አያፈስም። ልጁ ሹጂ ከሚኖርበት ከሳይታማ ከተማ መጥቶ ካሠራለት ገና አራተኛ ክረምቱ ነው፤ ሰማያዊ፣ ድመት እንኳ የማትቆምበት ለስላሳ ቆርቆሮ። እንግዲህ ጌንዞ አንድ ነገር አስቧል ማለት ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉ ነበር እናቷ። ማትሱ ከእናቷ የወረሰችው ይህን ተረትና የዳይኮን በርሜሉን ነው፤ ሁለቱንም በየዓመቱ ትጠቀምባቸዋለች።

እጇን በሽርጧ ጠርጋ የወጥ ቤቱን መጋረጃ በጣቷ ገለጥ አደረገች። ሁለቱ ወንዶች መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ብረት ያማርጣሉ። ሳኩማ እያነሣ ያሳያል፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ጌንዞ ደግሞ ገበያ ላይ ማረሻ እንደሚመርጥ ገበሬ እያገላበጠ ያያል። ድንገት ሁለቱም ቀና ብለው ወደ እሷ ቤት ተመለከቱ። ጌንዞ ጣሪያውን በጣቱ አሳየ፤ ከጣሪያው ወደ ኩሬው፣ ከኩሬው ወደ ማትሱ በር። አንድ ነገርም ተናገረ። ሳኩማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ማትሱ አንድም ቃል አልደረሳትም። «ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል» አለች በልቧ። ሰው ምን ሊሠራ ነው በገዛ ግቢው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው?

በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ኩሬ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። የጌንዞ አባትና የማትሱ አማት በአንድ በጋ አብረው የቆፈሩት ነው፤ ከጣሪያ የሚወርደው በረዶ እንዲገባበትና ከተራራው በሚመጣው የምንጭ ውሃ እንዲሟሟ። ግማሹ በጌንዞ መሬት፣ ግማሹ በማትሱ መሬት ላይ ነው። ባሏ ኤይኪቺ በሕይወት ሳለ ሁለቱ ወንዶች ጣሪያ ላይ ወጥተው በረዶውን በአካፋ ይገፉ ነበር፤ ማትሱ ደግሞ ከታች ሆና በረጅም እንጨት እየወጋች ታሰምጣለች። ካልተወጋ ይቆለላል፤ ከተቆለለ የውሃውን መግቢያ ይዘጋል፤ ውሃው ከተዘጋ መንገዱን ስቶ ወደ ማትሱ ወጥ ቤት ይመጣል። ስለዚህ ኤይኪቺ ከሞተም በኋላ ክረምት በገባ ቁጥር በየጠዋቱ እዚያው ኩሬ ዳር፣ እዚያው ከጌንዞ ክፈፍ ሥር ትቆማለች።

ከዚያ ሹጂ አዲሱን ጣሪያ አመጣ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ አባቱ መሰላል ከመውጣት እንዲያርፍ፣ በረዶው በራሱ ተንሸራቶ እንዲወርድ ብሎ ነው። ወረደም። በመጀመሪያው ክረምት የማትሱን የካኪ ዛፍ ሁለት ቅርንጫፎች ሰብሮ ወረደ። ኤይኪቺ በእጁ የተከለው፣ ቀይ ጣፋጭ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ነው። ማትሱ ያን ቀን ጌንዞ በር ላይ ቆማ አፏ እንዳመጣላት ተናገረችው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታ እንጂ ሻይ የለም።

ሰላምታውስ ቢሆን ምን ሰላምታ ነው! ድሮ ቃሉ ከአፉ የማይወጣ የነበረው ሰው፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ «እንደምን አደርሽ፣ ማትሱ!» ሲል ዝንጀሮ ከማሳ የሚያባርር ይመስላል። ማትሱ ይህን ከስድብ ቆጥራ አንገቷን ብቻ ሰበር አድርጋ ታልፋለች።

ከሁሉም ግን የጣሪያው ጠባይ ነው የከፋት። በዚያ አገር በረዶ የተሸከመ ቆርቆሮ ሊጥል ሲል ይናገራል። መጀመሪያ ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች ረጅም የመንሸራተት ሲርታ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዱብታው። ሕፃናት አፋቸውን ሳይፈቱ ይህን ድምፅ ይለያሉ፤ የሰማ ይዘላል፣ የዘለለ ይተርፋል። ማትሱ በወጣትነቷ ከቤቷ ሳትወጣ የማን ጣሪያ እንደጣለ በድምፁ ብቻ ትናገር ነበር፤ «ያ የቶሜ ጎተራ ነው፣ ያ ደግሞ ቤተ መቅደሱ ነው» እያለች። የጌንዞ አዲስ ጣሪያ ግን አይናገርም። ሌባ ጣሪያ ነው። ባለፈው የካቲት በረዶ ስትወጋ ሳለች ሳይናገር ሳይጋገር ከጀርባዋ ጣለና የኩሬው ውሃ እስከ ማጅራቷ ረጫት። አንድ ክንድ ወደ ኋላ ቆማ ቢሆን ኖሮ እስከ ፀደይ አትገኝም ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ልጇ ሚዋ ከተማ ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አዘጋጅታ ሰበብ ብቻ ነው የምትጠብቀው። «እማዬ በረዶ ሊቀብራት ነበር» የሚል ወሬ ከደረሳት በማግስቱ መኪና ይዛ ትመጣለች። ማትሱ ደግሞ ከመንደሯ ከናራሳዋ የምትወጣው በሳጥን ብቻ እንደሆነ ለራሷ ቃል ገብታለች።

የካኪ ፍሬ በቅርጫት ይዛ ወጣች። ባዶ እጅ ጎረቤት ግቢ መግባት ለስለላ የመጣ ያስመስላል።

«እትዬ ማትሱ!» አለ ሳኩማ ብድግ ብሎ። «እንዴት ከረሙ?»

«አለሁ። ምነው፣ ጣሪያው ታመመ?»

«ኧረ ደህና ነው። የበረዶ ማገጃ ልናስገባለት ነው።»

«ማገጃ? ይሄ ጣሪያ እንዲጥል አይደል እንዴ የተሠራው? ፈረስ ገዝቶ እግሩን ማሰር ነው እኮ!»

«ማትሱ! እንደምን ዋልሽ!» ብሎ ጮኸ ጌንዞ፣ ሁለት እርምጃ ላይ ቆማ ሳለ።

«ጎረቤትህ ነኝ እንጂ ከተራራው ማዶ አይደለሁ» አለችውና ወደ ሳኩማ ዞረች። «አሳየኝ እስኪ።»

ሳኩማ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ አንዱን ጠይቀውት ሁለት ይመልሳል። ከሸራው ላይ መዳፍ የማትሞላ፣ ወደ ላይ የቆመች ብረት አነሣ። «ይቺ ጥፍር የምንላት ናት። ርካሽ ናት፤ ለስስ በረዶ ትበቃለች። የኛን በረዶ ግን በመሃል በመሃሏ እያሾለከች ትለቀዋለች። ይሄኛው ረጅሙ ነው የሚሻለው፤ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። ቆርቆሮውንም አልበሳውም፣ መጋጠሚያው ላይ በመቆንጠጫ ነው የሚነክሰው። ሁለት ረድፍ እናደርገዋለን፤ አንዱ ከግድግዳው በላይ፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ፣ ሸክሙን እንዲካፈሉት።»

«በሁለቱም በኩል?»

ሳኩማ ጌንዞን አየት አደረገ። «በኩሬው በኩል ብቻ። እኔ እንኳ ይቅርብህ ብዬው ነበር። አንዱ ጎን ተሸክሞ ሌላው ከጣለ ቤቱ ይጣመማል። በረዶ በጣለ ቁጥር ወጥቶ መጥረግ ያስፈልጋል።»

«እጠርገዋለሁ» አለ ጌንዞ።

«በሰባ ዘጠኝ ዓመትህ?» አለች ማትሱ።

«በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ!»

«እና ለምንድን ነው በእኔ በኩል ብቻ የሆነው፣ ጋሼ ጌንዞ?»

ጌንዞ ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቿን ሳይሆን ከጆሮዋ ላይ የወረደውን ሽበቷን የሚያይ ይመስል ነበር። ሳኩማም መልሱን ለመስማት ጆሮውን አቁሟል። «እንዲሁ ነው» አለ በመጨረሻ። «አማረኝ!»

«በረዶ ማስቀመጥ አማረህ? ጨው ላውስህ?»

ሳኩማ በሳቅ ፈነዳ። ጌንዞ አልሳቀም። ማትሱ ይህን ልብ አለች፤ ሳቅ በመጣበት ቦታ የማይስቅ ሰው ሆዱ ውስጥ ሌላ ነገር አለው። የካኪውን ቅርጫት ሳታስቀምጥ ይዛው ተመለሰች።

በማግስቱ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ ልትገዛ ቶሜ ሱቅ ሄደች። ቶሜ በመንደሩ ውስጥ ያልሰማችው ወሬ የለም፤ ክፋቷ ግን ወሬ ስታወራ ማንሾካሾኳ ነው፤ ማትሱ ሁለት ጊዜ ማስደገም ነበረባት።

«አንድ የከተማ ሰው መሬት እያጠያየቀ ነው እልሻለሁ! ለበረዶ ተንሸራታቾች ማረፊያ ሊሠራ።»

«ማንን ጠየቀ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰፊ ቦታ ነው የሚፈልገው አሉ። ሁለት ሦስት ግቢ አንድ ላይ።»

ሁለት ግቢ አንድ ላይ! ማትሱ ቶፉውን ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ ነገሩ ሁሉ እንደ ተፈታ ክር መጣላት። በራሱ የሚወርድ በረዶ የወደቀበት ይወድቃል። በአካፋ የሚጣል በረዶ ግን አካፋው ወደፈለገው ይሄዳል። ጌንዞ ክረምቱን ሙሉ በረዶውን ላይ ያከማችና አንድ ቀን ሁሉንም ወደ ኩሬው ይንደዋል። ኩሬው ይደፈናል፣ ውሃው ወጥ ቤቷን ያጥለቀልቃል፣ ሚዋ «አላልኩሽም?» ትላለች፣ ያ ሰውዬ ሁለቱን ግቢ በአንድ ዋጋ ይወስዳል። ጌንዞ ሳይታማ ሄዶ የልጅ ልጆቹን ያጫውታል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች በምሬት። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ብረቱ ተገጠመ። ማትሱ ከመስኮቱ አልራቀችም። ሳኩማ ራሱን በገመድ አስሮ መቆንጠጫዎቹን እያጠበቀ ሲሄድ፣ ጌንዞ መሰላሉን ይዞ ከታች ቆሞ «እዚህ ጋ ድገመው! አሁንም አጥብቀው!» ይላል፤ ይህን እንኳ ሰማች፤ በምልክቱም ጭምር ነበር የሚያዘው። ለአንድ ሽማግሌ ጣሪያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምንድን ነው? ሁለቱ ረድፎች ሲያልቁ ጌንዞ ኩሬው ዳር፣ ማትሱ ሁልጊዜ የምትቆምበት ድንጋይ ላይ ወጣና ወደ ላይ አየ። ቦታዋን እየለካ ነው። መጋረጃውን ለቀቀችው።

የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ጣለ። ብረቱ ያዘው። በፊት ለፊቱ በኩል ያለው ገና ረፋድ ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ፣ በኩሬው በኩል ያለው ተጣጥፎ እንደተቀመጠ ፍራሽ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማትሱ በረዶ የምትወጋበትን እንጨት ይዛ ወጣች፤ የምትወጋው ግን አልነበረም። ክረምት ገብቶ ሥራ ፈታ ስትቆም በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። እንጨቱን ይዛ ትንሽ ቆየችና ተናዳ ገባች።

ከሱቅ ስትመለስ ጌንዞ ጣሪያው ላይ ነበር። ወገቡን በገመድ አስሮ፣ እግሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ፣ በረዶውን በአካፋ እየቆረጠ ወደ ኩሬው ይለቃል። ሲያያት ቆመ። አካፋውን አስቀምጦ፣ ቤቷ ገብታ በሩን እስክትዘጋ ድረስ አንድ አካፋ እንኳ አልጣለም። በሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ፤ እሷ ግቢ ውስጥ ስትሆን ተቀምጦ ትንባሆውን ያጨሳል፣ ቁልቁል መውረዷን ካየ ይጀምራል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ንጹሕ ሥራ የሚሠራ ሰው ጎረቤቱ እስክትወጣ አይጠብቅም።

ለሹጂ ደወለች። «አባትህን ለማሳጣት አይደለም» ብላ ጀመረች፤ እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚከተል ይታወቃል። «ጣሪያው ላይ ማገጃ አስገጥሟል። በረዶ በጣለ ቁጥር እየወጣ ነው። ባለፈው ክረምት የእነ ኩራታ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከጣሪያ ወድቆ ሞቶ ከነአካፋው ነው ያገኙት። እኔ ለእሱ ብዬ ነው።»

ሹጂ አንድ ነገር አለ። የከተማ ሰው አፉን ከፍቶ አያወራም።

«ምን አልክ?»

«ለምን ብሎ አስገጠመው ነው የምልዎት፣ እትዬ!»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ለአንተ ያልነገረህን ለኔ ይነግረኛል?» ስለ መሬቱ ነገር አልተነፈሰችም። ብረቱ እንዲነቀል እንጂ ሌላ አልፈለገችም።

ሹጂ ግን ብረት ለመንቀል አልመጣም። እሑድ ጠዋት መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሻንጣና የሟች እናቱን ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ። ጌንዞ ከኋላው፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሰውን ካፖርት ለብሶ። ማትሱ በሯ ላይ ቆመች። የፈለገችውን ያህል ሳይሆን ከፈለገችው በላይ ሲሆን ደስ አይልም። ግን ደግሞ ለራሷ እንዲህ አለች፦ መሬት ሊሸጥ የነበረ ሰው ወደ ልጁ ሄደ፤ ምን ጎደለበት?

ማን እንደደወለ ጌንዞ አውቋል። ፊቱ ላይ ቁጣ አላየችም፤ ይህም አሳሰባት። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ሲንቀሳቀስ ጌንዞ መስኮቱን ዝቅ አደረገና እጁን አውጥቶ ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ ኩሬው እያመለከተ ጮኸ። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየች። የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። «እርግማኑ ነው» ብላ አንገቷን ሰበር አደረገች፤ መኪናው በኩርባው ዞረና ጠፋ።

ያን ሰሞን በረዶው አላባራም። የጌንዞ መስኮቶች ጨልመው፣ የጭስ ማውጫው በረዶ ለብሶ፣ በኩሬው በኩል ያለው ጣሪያ ሸክሙን እያሳበጠ ቆየ። ማትሱ ጠዋት ስትነሣ ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል። «እንደምን አደርሽ፣ ማትሱ!» የሚል አልነበረም። ጸጥታው ለካ ከጩኸቱ ይብሳል። ሱቅ ስትሄድ ቶሜ ያ የከተማ ሰው ከወንዙ ማዶ ያለውን የትምህርት ቤት ቦታ ገዝቶ መሄዱን ነገረቻት፤ የማንንም ግቢ አልጠየቀም ነበር። ማትሱ ይህን ሰምታ ቶፉውን ረስታ ወጣች።

ሳኩማ የመጣው በአንድ ፀሐያማ ጠዋት ነው።

«ሹጂ ንቀለው ብሎኛል» አለ መሰላሉን ከቤቱ ጫፍ እያቆመ። «እውነቱን ነው። ጠራጊ የሌለበት ቤት ላይ ማገጃ መተው ቤቱን መግደል ነው። በራሱ ይጣል።»

የታችኛውን ረድፍ ከጫፍ ጀምሮ በረዶውን እየጠረገ ፈታ። ከዚያ የላይኛውን ጀመረና፣ አንድ መቆንጠጫ በውርጭ ተጣብቆ እምቢ ስላለው ቁልፍ ሊቀይር ወደ መኪናው ሄደ። ማትሱ የወጥ ቤቷን በር ከፍታ ስታይ፣ ሳኩማ የጠረገው በረዶ የውሃውን መግቢያ ዘግቶታል። እንጨቷን ይዛ ወጣች። ድንጋይዋ ላይ ቆማ መውጋት ጀመረች። ሥራዋ ተመለሰላት፤ ፀሐዩም ደስ ይላል። አንዴ ወጋች፣ አሰመጠች፣ ደግማ ወጋች።

ከኋላዋ ወገቧን የያዛት ክንድ ወደ ጎን ሲወረውራት ሌባ ወይም አውሬ መስሏት ነበር። ሁለቱም በረዶው ላይ ተንከባለሉ። ጣሪያው በረዶውን ሙሉ በሙሉ ኩሬው ላይ ለቀቀው። ውሃው እስከ መስኮቷ ተረጨ፤ እንጨቷ የት እንደገባ አልታየም። የቆመችበት ድንጋይ ጠፍቷል።

«አብደዋል እንዴ?» አለ ሳኩማ እያለከለከ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ስጠራዎት! ስጮህ! ጣሪያው ያን ያህል ሲጮህ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ይሄ ጣሪያ አይናገርም!» አለች ማትሱ። «መቼም ተናግሮ አያውቅም፣ ሌባ ነው!»

«እንዴት አይናገርም! መኪናው ጋ ሆኜ ሰማሁት እኮ! ከዚያ በላይ የሚናገር ጣሪያ የት አለ?»

ማትሱ አየችው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። ጀርባውን ሰጥቷት በረዶውን ከልብሱ እያራገፈ አንድ ነገር መናገሩን ቀጠለ፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል፤ ቃሉ አይመጣም። ዞር ሲል መጣ። ደግሞ ዞረ፤ ሄደ። የቶሜ ሹክሹክታ፣ የሹጂ የታፈነ አፍ፣ በግቢያቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ሁለት ወንዶች፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡባት። በዚህ ክረምት ከአንድም ጣሪያ አንድም ዱብታ አልሰማችም። መንደሩ ጸጥ ያለ ነበር የመሰላት።

«ሳኩማ» አለች። «ወደ እኔ ዞረህ ንገረኝ። ጌንዞ ማገጃውን ለምን እንደፈለገው ነግሮህ ነበር?»

ሳኩማ ቆብ የሌለውን ጭንቅላቱን አከከ። «ስጨቀጭቀው አንድ ቀን ተናገረ። ‹ጣሪያው ሲናገር የማይሰማ ሰው አለ› አለኝ። ራሱን መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ነውና ጆሮው ደክሞበት ነው ብዬ…» ቃሉን አልጨረሰውም። ዓይኑ ወደተቀበረው ድንጋይ ሄደ፤ ከዚያ ወደ እሷ።

ማትሱ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። የካቲት ላይ ውሃው ሲረጫት ጌንዞ በመስኮቱ አይቶ ነበር ማለት ነው። ጣሪያው ሲናገር ሰምቷል፣ እሷ ዘወር አለማለቷንም አይቷል። ከዚያ ወዲህ ነው መጮህ የጀመረው። ለሚዋ አንድ ስልክ ቢደውል ይበቃው ነበር። «እናትሽ ጣሪያ አትሰማም» ብቻ ቢል፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል በማግስቱ ባለቤቷን ታገኝ ነበር። አልደወለም። ለሳኩማ እንኳ ስሟን አልጠራም። በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ብረት ገዝቶ መሰላል ወጣ፤ እሷ ከሥር እስክትርቅ ተቀምጦ እየጠበቀ ጠረገ። ስልኩን የደወለችው እሷ ናት።

«ወይኔ!» አለች፤ ሳኩማ እስኪደነግጥ ድረስ። «ወይኔ ማትሱ! ምን ዓይነት ልብ ነው ያለኝ?»

ሳኩማ አጠገቧ ተቀመጠ። በግራዋ፣ በባሰበት ጆሮዋ በኩል ነበርና ያላት ማጽናኛ ቃል አልደረሳትም።

«ሹጂን ጥራልኝ» አለች ብድግ ብላ። «ብረቱን አንነቅልም፣ የነቀልነውንም እንመልሳለን በለው። ስለ ጆሮዬም ንገረው። ሁሉንም ንገረው።»

«እትዬ ማትሱ፣ ሹጂና ሚዋ አብረው ነው የተማሩት። ዛሬ ከነገርኩት ማታ ሚዋ ጋ ይደርሳል።»

«አውቃለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ደውል አልኩህ እኮ! መስማት ያቃተኝ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ሳኩማ ደወለ። ማትሱ ከንፈሩን እያየች ቆመች። ነገረው፤ ቆም አለ፤ ደገመው፤ ወደ ድንጋዩ እያመለከተ ነገረው፣ ሹጂ የሚያየው ይመስል። ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ስልኩን ወደ ማትሱ ዘረጋ። «ብረቱ ይቆይ ብሏል። እስከዚያ የመንደሩ ጎረምሶች ይጥረጉት፣ ለአዲስ ዓመት አባቴን ይዤ መጥቼ እንነጋገራለን ብሏል። ጋሽ ጌንዞ ሊያናግርዎት ይፈልጋል።»

ስልኩን በቀኝ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ማትሱ!»

ዝንጀሮ ማባረሪያው ጩኸት ነበር። እያንዳንዷ ፊደል ጥርት ብላ ደረሰቻት። ከኋላው ሕፃናት ሲስቁ፣ አንዲት ሴት «አባባ፣ ቀስ ይበሉ» ስትል እንኳ የሰማች መሰላት።

«መኪናው ውስጥ ሆኜ ምን ብዬሽ ነበር የሄድኩት? እኔ ሳልኖር በኩሬው በኩል አትሂጂ አላልኩሽም?»

ማትሱ ለዚህ የሚሆን መልስ አላጣችም፤ ሰበብ አጥታ አታውቅም። መኪናው ነበር፣ ነፋሱ ነበር፣ አንተም አፍህን አትከፍትም ማለት ትችል ነበር። ሳኩማን አየችው፤ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮላታል።

«ብለኸኛል» አለች። «አልሰማሁህም እንጂ። ከሰማሁ ቆይቻለሁ፣ ጋሼ ጌንዞ።»

መልስ አልመጣም። ስልኩን ይበልጥ ተጫነችው። እሱ ዝም ብሎ ይሁን ወይ እየተናገረ እሷ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ይሁን መለየት አቃታት። ስልኩን ለሳኩማ ሰጠችው።

«ምን ይላል?»

ሳኩማ አዳመጠ። «ምንም አላለም። አልዘጋውም ግን። መስመሩ ላይ አለ።»

ማትሱ ስልኩን ተቀበለችና መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።